ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 በባሕር ዳር ቤት፦ ኮምፒውተሮቹ ለምን ይጠፋፋሉ?

ፋሲሎም ይሁን ሽምብጥ፣ ይህን ራውተር ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ሳሎን ያለው ላፕቶፕ ሰርቪስ ቤት ካለው ኮምፒውተር ፎልደር እንዲከፍት፣ አንዱ ፕሪንተር ለሁሉም እንዲያትም ጭምር ነው። አርቸር ሲ6 ለዚህ በቂ አቅም አለው። ዋይፋዩ በሁለት ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ይሠራል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 867 ሜጋቢት በሰከንድ ተብሎ ይሸጣል። አራት የውጭ አንቴናና አምስት የጊጋቢት ኬብል ቀዳዳዎች አሉት። ዩኤስቢ የለውም፤ ሃርድ ዲስክ ሰክቶ ለቤተሰቡ ማካፈል የሚፈልግ ሌላ ሞዴል ይይ። ትልቁ ድክመቱ ግን ከካርቶን እንደወጣ ዝም ብሎ ከተሰካ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚጠፋፉበት መንገድ ብዙ መሆኑ ነው።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት የሚበጠሰው የት እንደሆነ ይለይ። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሦስት የትእዛዝ መስኮቶች ከፍቶ ለራውተሩ፣ ለሌላው ኮምፒውተርና ለአንድ የውጭ አድራሻ የማያቋርጥ ፒንግ (ሌላው ወገን መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) መልቀቅ ይበቃል። የራውተሩ አድራሻ ከፋብሪካ ሲወጣ 192.168.0.1 ነው። ራውተሩ ራሱ መልስ ካቆመ ችግሩ ሲግናል ወይም መብራት ነው። ራውተሩ እየመለሰ ሌላው ኮምፒውተር ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ነው። የውጭው ብቻ ከጠፋ መስመሩ ስለሆነ ራውተሩን መነካካት አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ዊንዶውስ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ከመዘገበው ፋየርዎሉ ፒንግንም ሼር የተደረገ ፎልደርንም ይዘጋል። ስለዚህ አስቀድሞ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ፕራይቬት ይደረግ፣ የፋይልና የፕሪንተር ሼሪንግም ይከፈት።

በብዛት የሚያጋጥመው ግን የሁለት ኔትወርክ ችግር ነው። ከመስመሩ ጋር የመጣው ሞደም የራሱ ዋይፋይ አለው። አርቸሩ ከኋላው ሲሰካ ደግሞ ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል። ላፕቶፑ ቀን በአርቸሩ፣ ማታ በሞደሙ ዋይፋይ ሲገባ ፕሪንተሩ «ጠፋ» ይባላል፤ ፕሪንተሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ኮምፒውተሮቹ የያዙትን አድራሻ ማየት ነው፤ አንዱ በ192.168.0፣ ሌላው በ192.168.1 ወይም በ192.168.100 ከጀመረ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከአርቸሩ የሴቲንግ ገጽ፣ አድቫንስድ ከሚለው ውስጥ፣ ኦፐሬሽን ሞድ የሚለውን ወደ አክሰስ ፖይንት (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር የሞደሙን ብቻ ወደሚያሰራጭበት) መቀየር ሁሉንም ወደ አንድ ኔትወርክ ያመጣቸዋል። ከዚያ በኋላ አድራሻ የሚያድለው ሞደሙ ስለሚሆን ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ የሚያዝለት ሞደሙ ላይ ነው። ራውተር ሞድ ላይ የሚቆይ ቤት ከሆነ ይህ በራሱ በአርቸሩ፣ አድሬስ ሪዘርቬሽን ከሚለው ውስጥ ይሠራል። 2.4 እና 5 የተለያየ ስም ቢኖራቸውም ኔትወርኩ አንድ ነው፤ መለያየት የሚያመጣው የጌስት ዋይፋይ ነው። ጌስት እንግዶችን ከቤቱ ኮምፒውተሮች ሆን ብሎ ይነጥላል፤ የቤት ላፕቶፕ እዚያ አይግባ። በአንድ ዋይፋይ ያሉትን እርስ በርስ የሚነጥለው ኤፒ አይሶሌሽን ምልክት ተደርጎበት ከሆነም ይነሳ።

መብራት በዚህ ከተማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ቀጭን ገመድ በተዘረጋበት ቤት እንጀራ ሊጋገር ሲጀመር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ራውተሩም ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ባንዴ ጠፍተው ከበሩ ዋይፋይ አይደለም፣ ኃይል ነው። አዳፕተሩ 12 ቮልት ነው። 12 ቮልት የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ) በመሃል ቢገባ አጭሩን መቆራረጥ ያልፈዋል፤ ሲገዛ ግን አምፔሩ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው እንዳያንስ፣ 9 ቮልቱ ቀዳዳ ላይም እንዳይሰካ። ሞደሙም የራሱን ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ግማሽ ሥራ ነው። ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ማደስ ያለ ዩፒኤስ አይሞከር፤ በመሃል መብራት ከሄደ ራውተሩ ሊበላሽ ይችላል። የሚወርደው ፋይልም ከሥሩ ከተለጠፈው የቨርዥን ቁጥር ጋር መግጠም አለበት።

ሲግናሉን በተመለከተ 5 ጊጋኸርዝ የብሎኬት ግድግዳን በደንብ አያልፍም፤ ሶሌታን፣ የብረት በርንና ቆርቆሮን ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። በመንገዱ ላይ ውኃ የሞላ ሮቶ ካለም ሲግናሉን ይውጠዋል። ለሳሎን ኮምፒውተሮች 5 ጊጋኸርዝ ከቻናል 36 እስከ 48 ይመረጥ፤ ከ52 በላይ ካሉት ብዙዎቹ ራዳር በተሰማ ቁጥር ቦታ መልቀቅ ያለባቸው ናቸው። 2.4 ላይ ራውተሩ ራሱ እንዲመርጥ (ኦቶ) ከመተው ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጎረቤት ያልያዘውን መርጦ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ማድረግ መቆራረጡን ይቀንሳል፤ የፍጥነቱ ጣሪያ ግን በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በስልክ ዋይፋይ አናላይዘር ሲለካ ከ-67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል) የተሻለ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ-75 ከወረደ ግን ሴቲንግ አያድነውም። ቡፌ ውስጥ መቆለፍም ክፉ ነው፤ የሚሠራው እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል።

ሰርቪስ ቤቱ ከዋናው ቤት ከተለየ፣ ይህ አንድ ራውተር ብቻውን አይበቃም ብለን በግልጽ እንናገራለን። ኬብል መዘርጋት ይሻላል፤ ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ጫፉ ሲታሰር ስምንቱም ሽቦ መግባት አለበት፤ አራቱ ብቻ ከገቡ ጊጋቢቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ከቤት ውጭ ያለው ክፍል በፕላስቲክ ቱቦ ይለፍ፤ በክረምቱ ነጎድጓድ ጊዜም ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል። አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ቢሆን የማይንቀሳቀሰውን ኮምፒውተር በኬብል ማገናኘት ዋጋ አለው፤ ሁለቱም ኮምፒውተሮች በዋይፋይ በአንድ ባንድ ላይ ሲሆኑ ፋይሉ በአየር ሁለቴ ስለሚጓዝ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ላለው ቤት፣ ከላይ ያሉትን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት ለሚሰጥ ሰው እንመክረዋለን። ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ይከፈት፤ የአዳፕተሩ ሶኬት ከቤቱ ግድግዳ ጋር እንደሚገጥም ይታይ፤ ተሰክቶም የሁለቱ ባንድ መብራቶች ሲበሩ በዓይን ይረጋገጥ።