ጄፒ ያለው ምግብ ቤት፦ ሽሮው ጥሩ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፣ ዋንጫው ሊቢያ

ለጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ሐበሻ፣ ሐበሻ በበዛበት ሰፈር በጄፒ ምግብ ቤት ማስተዋወቅ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይሄኛውን ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ታፔላም የለውም። ስሙን አልጽፍም። ባለቤቷ «ሰው ከበዛ ወንበር ከየት አመጣለሁ?» ብላ አስምላኛለች። ስትጠይቁ «እሁድ እሁድ ዋንጫ የሚያዛውሩት ጋ» ካላችሁ ያሳዩአችኋል።

መጀመሪያ ምግቡ። ሽሮው አንደኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦም እየተንተከተከ ይቆያል፤ ቃሪያ አይሰስቱም። 70 ራንድ። ጥብሱ 120 ነው፤ ይወደዳል፣ ሥጋውም አንዳንዴ ጥርስ ይፈትናል። እንጀራው ሩዝ ይበዛበታል፤ ለምደነዋል። ዱለት እንዳታዙ። እኔ አንዴ አዝዤ ሰኞን ሱቅ ሳልከፍት ዋልኩ።

ሰው ግን እሁድ አራት ፎቅ የሚወጣው ለሰሌዳው ነው። የባለቤቷ ባል፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሏል። በግራ ውድድሩ መጀመሪያ የተሰጠው አገር፣ በቀኝ በመጨረሻ ያዘጋጀው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። መጀመሪያ የዓለም ዋንጫ፤ 1986 ኮሎምቢያ፣ ሜክሲኮ። ከዚያ የአፍሪካ ዋንጫ፤ 1996 ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ። 2013 ሊቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ። 2015 ሞሮኮ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ። 2019 ካሜሩን፣ ግብፅ። ከሁሉም በታች በቀይ ጠመኔ የ2020 ቻን (በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር)፤ ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን። ቀይ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም።

ቡና ሲፈላ ጋሼ ከሰሌዳው አንዱን ይመርጥና «ባይዛወር ኖሮ» ይላል። ሕጉ አጭር ነው። አዘጋጁን ብቻ ትቀይራለህ፤ ሌላው ከዚያ ተነስቶ ራሱ ይምጣ። አቦል ላይ ማን ይገባ ነበር፣ ማን ይቀር ነበር ይባላል። ቶና ላይ የአገሮቹ ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ሲኒ ውስጥ ይገባና ምድብ ይወጣል። በረካ ላይ ዋንጫው ለማን እንደሚገባ እጅ ይወጣል። የተሸነፈው ወገን የቡና ይከፍላል፤ በሰው 25 ራንድ።

የ1996ቱ ቀን ክርክሩን የገለበጠው አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። እኛ የምናስታውሰው ማንዴላ ማልያ ለብሰው ለደቡብ አፍሪካው አምበል ለኒል ቶቪ ዋንጫ ሲሰጡ ነው። ማርክ ዊሊያምስ ሁለት አግብቶ፣ ቱኒዚያ 2 ለ 0 ተሸንፋ። ሰውየው «ናይጄሪያን ረሳችኋት» አለ። የ1994 ሻምፒዮን ናት። በ1995 መጨረሻ ናይጄሪያዊው ጸሐፊና ተሟጋች ኬን ሳሮ ዊዋ ሲሰቀል ማንዴላ የአገሪቱን ወታደራዊ መሪ አባቻን ክፉኛ ኮነኑ፤ ናይጄሪያም ከውድድሩ ራሷን አገለለች፤ ዋንጫው በ15 ቡድን ተካሄደ። ናይሮቢ ቢሆን ኖሮ አባቻ ከማን ጋር ይኳረፋል? ናይጄሪያ ትመጣለች። ደግሞ በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች አገር ናት። እኔ ለደቡብ አፍሪካ እጄን አውጥቼ 25 ራንዴን ከፈልኩ።

የ2015ቱ ቶሎ አለቀ። ኢኳቶሪያል ጊኒ በማጣሪያው የማይገባ ተጫዋች አሰልፋ ተባርራ ነበር። ሞሮኮ ኢቦላን ፈርታ ይራዘምልኝ ስትል ዝግጅቱ ለኢኳቶሪያል ጊኒ ተሰጠና አራተኛ ወጣች። ወደ ሞሮኮ ከመለስነው ጊኒ ጭራሽ የለችም። ምኑን ይከራከሩታል?

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስላለፈው እሁድ ነው። 2013 ወጣ። ሊቢያ በ2011 ጦርነት ውስጥ ስትገባ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ዓመት ተለዋወጡ፤ እሷ 2017ን ልትወስድ። (እሱንም አላገኘችም፣ ጋቦን ሄደ።) ጋሼ ጠመኔውን ይዞ «ትሪፖሊ ነን» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን እኔ አላውቅም ነበር። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ የጠፋችው ከ1982 በኋላ ነው። ያ ዋንጫ የተካሄደው ሊቢያ ነው። አንድም ጎል ሳናገባ ነበር የተመለስነው። ባይዛወር ኖሮ ከ31 ዓመት በኋላ የምንገባው በወጣንበት በር ነበር።

ሲኒው መጣ። የእውነቱ ምድባችን ዛምቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ቡርኪና ፋሶ ነበር። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት፣ ሁለቱ ደግሞ በዚያው በ2013 ፍጻሜ የደረሱት። በሲኒው ግን ሊቢያ፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ኒጀር ደረሱን። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን ልትደፋው ነበር። ሩብ ፍጻሜ ገባን ተባለ።

እኔ እጄን አላወጣሁም። ለምን ሲሉኝ በ2013 ከዛምቢያ ጋር የተጫወትንባትን ከተማ፣ ኔልስፕሩትን ነገርኳቸው። ጃንዋሪ 21፣ ሰኞ። ከሆሳዕና ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ወረቀቴ አሳይለም፣ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ አገር ቤት መሄድ አይታሰብም። ሱቅ ዘግተን በአንድ ታክሲ 15 ሆነን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄድን። የስታዲየሙን ጣሪያ የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ ይመስላሉ፤ ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ከዚያ በላይ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የሳላሃዲን ሰኢድን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛቸው አዳነው። ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተጠመጠመብኝና የግራ ጫማዬ ሁለት ረድፍ ወደ ታች ወረደ። በካልሲ ጆበርግ ገባሁ።

ከዚያ ቡርኪና 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። በሦስት ጨዋታ አንዲት ጎል። እሷን ግን በዓይኔ አይቻታለሁ። ትሪፖሊ ቢሆን ሱቅ ውስጥ ሳንቲም እየቆጠርኩ በቴሌቪዥን ነበር የማያት።

«ሊቢያም እኮ ሰው ነበረን» አለ አንዱ።

ነበረን። እኔ በሞያሌ ስወርድ አብሮ አደጌ በመተማ ወጣ። በዚያ ጥር ሊቢያ ነበር። ከተደበቀበት ቤት ወጥቶ ስታዲየም ይሄዳል ወይ አልኳቸው። ጋሼ ጠመኔውን አስቀመጠ። በረካው እጅ ሳይወጣ ተጠጣ። የሁላችንንም ቡና እሱ ከፈለ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ በኋላ ቆማችሁ ነው የምትጠጡት። ካርድ አይቀበሉም። አስተናጋጁ ይረሳል፣ ሁለቴ እዘዙት። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ሽሮ አታስቀምጡበት። የሚመጣው እሁድ የቀይ ጠመኔው ተራ ነው ተብሏል። ቻን፣ አዲስ አበባ ላይ። እኔ ወንበሬን ይዣለሁ።