ብረት የበዛበት የጉድጓድ ውኃ፦ ሶፍትነር ወይስ የብረት ማጣሪያ?

ሚኒሶታም ሆነ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያገኘው ከራሱ ጉድጓድ ነው። የግል ጉድጓድን ውኃ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት አይቆጣጠረውም። ጥራቱን መከታተል የባለቤቱ ሥራ ነው። ቁልፍ ተረክባችሁ ከገባችሁ በኋላ ገንዳው ላይ ብርቱካናማ መስመር ካያችሁ፣ ነጭ ነጠላ ታጥቦ ቢጫ ጣል ጣል ካለበት፣ ሻይም ከወትሮው ከጠቆረ ውኃው ብረት እንዳለበት ጠርጥሩ። ሻዩን የሚያጠቁረው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ነው።

ያን ጊዜ ሻጮች ይመጣሉ። አንዱ ሶፍትነር (ጠጣር ውኃን የሚያለሰልስ ማሽን) ይበቃችኋል ይላል። ሌላው ሦስት ታንክ ደርድሮ የመኪና ዋጋ ይጠራል። ሁለቱም ውኃችሁን ሳያስመረምሩ ከሆነ የሚናገሩት አትስሟቸው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሶፍትነር የተሠራው ካልሲየምና ማግኒዥየም ለበዛበት ጠጣር ውኃ ነው። ጥቂት ብረት አብሮ ቢያነሳ እሰየው። ብረት ማስወገድን ዋና ሥራው ካደረጋችሁት ግን ዕድሜው ያጥራል፣ ገንዘባችሁም ይባክናል።

መጀመሪያ ብረቱን እወቁት

ከፓምፑ ቀጥሎ ባለው የግፊት ታንክ አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቧንቧ አለች። ከእሷ በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ቅዱ። ቤቱ ውስጥ የቆየ ማሽን ካለ፣ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የተቀዳ መሆን አለበት። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ተዉት።

ሲቀዳ ጥርት ብሎ ከሰዓታት በኋላ ቢጫ ከመሰለ፣ ቆይቶም ከሥሩ ቀይ ዝቃጭ ካስቀመጠ፣ ብረቱ በውኃው ውስጥ የሟሟ ነው። አየር ሲነካው ነው የዛገው። ገና ከቧንቧው ሲወርድ ቀይ ከሆነ ቀድሞውኑ ዝጓል። የሻይ ቀለም ይዞ ቀኑን ሙሉ የማይዘቅጥ ከሆነ ደግሞ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የመጣ ታኒን ሊኖርበት ይችላል። ይህኛው አስቸጋሪ ነው፣ ተራ የብረት ማጣሪያ አይዘውም።

ከዚያ የሽንት ቤቱን ታንከር ክዳን አንሱ። ጓንት አድርጋችሁ የውስጥ ግድግዳውን በጣት ዳበስ አድርጉት። ደረቅ ዝገት ከሆነ ይሻክራል። የሚያሟልጭ፣ እንደ አጥሚት የወፈረ ቡናማ ነገር ከተላቀቀ ግን የብረት ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። በሽታ የሚያመጣ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን ሶፍትነርንም ማጣሪያንም ይደፍናል። ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጉድጓዱ በክሎሪን መታከም አለበት።

ቀጥሎ ላቦራቶሪ ነው። ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ ምረጡ። ጠቅላላ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ጥንካሬ (የውኃው ጠጣርነት)፣ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ)፣ ታኒን ይለካላችሁ። ኮሊፎርም ባክቴሪያና ናይትሬት ደግሞ ብረት ኖረም አልኖረም በየዓመቱ መታየት ያለባቸው ናቸው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለ እዚያው ቤት ውስጥ ይለካ፣ ጋዙ በመንገድ ላይ ይበናል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለብረት ያስቀመጠው ቁጥር በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ነው። እሱም ለጣዕም፣ ለቀለምና ለእድፍ ሲባል እንጂ ለጤና አይደለም። ለጤና ልታዩት የሚገባው የብረት ጓደኛ የሆነውን ማንጋኒዝን ነው። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ ማንጋኒዝ ያለበት ውኃ እንዳይጠጣ ይመክራል። ጡጦ የምታዘጋጁ ወላጆች ይህችን ቁጥር ልብ በሉ።

ሶፍትነር የሚያዋጣው መቼ ነው?

በሶፍትነሩ ታንክ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዙና በምትካቸው ሶዲየም ይለቃሉ። ሲሞሉ ማሽኑ በጨው ውኃ ያጥባቸዋል። የሟሟ ብረትም በዚሁ መንገድ ይያዛል። የዛገ ብረት ግን አይያዝም። በቅንጣቶቹ መካከል ይከማቻል፣ ወይም አልፎ ይሄዳል። የሟሟውም ቢሆን ሬዚኑ ላይ ሳለ አየር ካገኘው እዚያው ዝጎ ይጣበቃል። ጨው ብቻውን አያስለቅቀውም። በየጊዜው የሬዚን ማጽጃ መጨመር ግድ ይሆናል።

አንዳንድ ካርቶን ላይ በሊትር 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ብረት ያነሳል የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ያ በተመቻቸ ሁኔታ ነው። እኔ ሶፍትነር ብቻውን የምመክረው ብረቱ ከ2 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ፣ ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆኖ፣ ባክቴሪያም ሳይኖር፣ ውኃውም ጠጣር ከሆነ ነው። የሚኒሶታ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ጠጣር ስለሆነ ይህ ሁኔታ ብርቅ አይደለም። እዚያ ሶፍትነር ለማንኛውም ያስፈልጋችኋል።

ሲገጠም ቅንብሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። የውኃ ጥንካሬ በግሬን ይለካል፣ 1 ግሬን በሊትር 17.1 ሚሊ ግራም ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ግራም ብረት ከ4 እስከ 5 ግሬን ይደመራል። ጥንካሬው 20 ሆኖ ብረቱ 2 ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ የሚሞላው 20 ሳይሆን 28 ወይም 30 ነው። ይህ ስላልተደረገ ብቻ "ማሽኑ አይሠራም" ተብሎ የሚማረርበት ቤት አለ።

ስለ ጨው የሚጨነቅ ሰው ልክ ነው። እያንዳንዱ ግሬን ጥንካሬ ሲወጣ ወደ 8 ሚሊ ግራም ሶዲየም በሊትር ይገባል። 20 ግሬን ከሆነ 160 ገደማ ማለት ነው። ለጤነኛ ሰው ትልቅ ነገር አይደለም። ግን እናትና አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነና ሐኪም ጨው ቀንሱ ብሏቸው ከሆነ፣ የኩሽናው ቀዝቃዛ ቧንቧ ሶፍትነሩን ሳይነካ እንዲያልፍ አድርጉ። በሶዲየም ጨው ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድም ይሠራል፣ ኩላሊት የሚያመው ሰው ካለ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የብረት ማጣሪያው

ሐሳቡ ከሶፍትነር ተቃራኒ ነው። ብረቱን በሟሟበት ከመያዝ ይልቅ ሆን ብሎ ያዝገዋል፣ ከዚያ ዝገቱን እንደ አሸዋ ባለ ነገር ውስጥ ያስቀረዋል። በየጥቂት ቀኑ ሌሊት ላይ ውኃውን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ራሱን ያጥባል፣ ዝገቱንም ወደ ፍሳሽ ይደፋል።

አሁን በብዛት የሚሸጠው አየር የሚጠቀመው ባለ አንድ ታንክ ነው። ከታንኩ አናት ላይ አየር ታምቆ ይቆያል። ውኃው በአየሩ ውስጥ ሲወርድ ብረቱ ይዝጋል፣ ከታች ያለው ማጣሪያ ይይዘዋል። ጨው የለውም፣ ኬሚካል የለውም። መጠነኛ የእንቁላል ሽታንም ያጠፋል። ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም ብረት ላለበት ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው።

በውስጡ የሚሞላው ነገር ይለያያል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ቢርም ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን ክሎሪንንም የእንቁላል ሽታውን ጋዝም አይወድም፣ ፒኤቹም ከ6.8 በታች ከሆነ አይሠራም። ማንጋኒዝ እንዲይዝ ከተፈለገ ፒኤቹ ወደ 8 መጠጋት አለበት። ፊሎክስንና ፓይሮሎክስን የመሳሰሉት ከባድ የማንጋኒዝ ማዕድናት ጠንካሮች ናቸው፣ ብዙም ይቆያሉ። ግሪንሳንድ የቆየና የተፈተነ ነው። የድሮው ዓይነት ግን በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይታደሳል። ሐምራዊ፣ መርዛማ፣ የነካውን ሁሉ የሚያቀልም ዱቄት ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ አልመክረውም።

ብዙ ገዢ የሚሸወደው ፓምፑ ላይ ነው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጥበው ፓምፑ በሚሰጠው ውኃ ነው። የሚሰጠው ውኃ ካነሰ ዝገቱ አይወጣም፣ ታንኩ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ባልዲ ያዙ። 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ የሚይዘው ይሁን። የግፊት ታንኩ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ፓምፑ እስኪነሳ ጠብቁ። ከዚያ ባልዲውን ደቅኑ፣ ሰዓት ያዙ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 5 ጋሎን ነው፣ በ30 ሰከንድ ከሞላ 10። ቢርም የተሞላ ባለ 10 ኢንች ታንክ 6 ጋሎን ገደማ ይበቃዋል። በእነዚያ ከባድ ማዕድናት የተሞላው ተመሳሳይ ታንክ ግን እንደ ማዕድኑ ከ12 በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሻጩን "ይህ ማሽን ራሱን ሲያጥብ በደቂቃ ስንት ጋሎን ይፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ጉድጓድ ሌላ ጣጣ አለው። በብዙ ቦታ ውኃው አሲድነት አለው። የመዳብ ቧንቧ ባለበት ቤት ሲንኩ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ እድፍ ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ፒኤቹ ዝቅ ካለ ብረቱ ቶሎ አይዝግም፣ ማጣሪያውም ይለግማል። እዚያ መጀመሪያ ካልሳይት የሚባል የተፈጨ ድንጋይ የተሞላ ታንክ ይገባል፣ እሱ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ድንጋዩ ሲሟሟ ግን የውኃውን ጥንካሬ ይጨምራል። ስለዚህ ተራው የአሲድ ማስተካከያ፣ የብረት ማጣሪያ፣ በመጨረሻ ካስፈለገ ሶፍትነር ነው። ሶፍትነሩን አስቀድሞ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ብረቱ ከ10 ሲያልፍ

እንዲህ ሲበዛ፣ ወይም ባክቴሪያው ከታከመ በኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ፣ ክሎሪን በትንሽ ፓምፕ እየተወጋ የሚሠራው ሥርዓት ይሻላል። ክሎሪኑ ብረቱን ያዝገዋል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። ውኃው በማቆያ ታንክ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጣራል፣ ቀሪውን ክሎሪን ከሰል ይይዘዋል። ሥራው አስተማማኝ ነው። ግን ክሎሪን መሙላት፣ ፓምፑን ማጽዳት፣ ከሰሉን መቀየር አለ። ያለ በቂ ምክንያት አትግቡበት።

የተቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ካርትሪጅ ፊልተር የዛገውን እንጂ የሟሟውን አይዝም፣ ብረት ሲበዛም ቶሎ ይደፈናል። ፖሊፎስፌት ብረቱን አያወጣውም፣ እንዳይታይ ያደርገዋል፣ ቦይለር ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ ኃይሉን ያጣል። ከሲንክ ሥር የሚገጠመው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ለመጠጥ ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ሜምብሬኑን (ውኃው የሚጣራበትን ስስ ሽፋን) ያበላሸዋልና ከማጣሪያው በኋላ ይግባ። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ብረት አያወጣም። አትግዙት።

አገር ቤት ለምታስቆፍሩ

ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ቤተሰብ የብረቱ ጠባይ ያው ነው። ልዩነቱ ውኃው መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ መግባቱ ነው፣ ይህ ደግሞ ይጠቅማል። ከፓምፑ የመጣውን ውኃ እንደ ሻወር በተበሳ ቧንቧ እየረጫችሁ ወደ አንድ ሮቶ አስገቡት። አየር ያገኛል፣ ይዝጋል፣ ይዘቅጣል። ከላይኛው ክፍል ቀድታችሁ በአሸዋ ማጣሪያ አሳልፉት። ፒኤቹ ከ7 በላይ ከሆነ በዚህ ብቻ ብዙ ብረት ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ የሚዛባ ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ከመግዛት በእጅ የሚዞረው ይሻላል። ከአሜሪካ ማሽን የምትልኩም አስቡበት። የዚያ ኃይል ማስተካከያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ አገር ቤት ግን 220 ነው።

ገና ቤት በመግዛት ላይ ያላችሁ ደግሞ የውኃ ምርመራውን ውሉ ውስጥ አስገቡት። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ የማጣሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ለመደራደር ጊዜው ያኔ ነው። ማሽን የሚገጥመውም ከገጠመ በኋላ የብረቱ መጠን ከ0.3 በታች እንደሚወርድ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ በሁለተኛ ምርመራም ይረጋገጥ።

እስከዚያው ነጭ ልብስ ላይ በረኪና አታፍስሱ። በረኪና ብረቱን የባሰ ያዝገውና እድፉን ያጸናዋል። ቀላል እድፍ በሎሚና በጨው ይለቃል። ለጠነከረው ለዝገት ተብሎ የሚሸጥ ማጽጃ አለ። ሎሚም ሆነ የዝገት ማጽጃ ግን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።