ኒውፕሮ ፕላስተር በቀዶ ጥገና ሰሞን፦ የሚጠቅመው ለማን ነው?

ኒውፕሮ (ሮቲጎቲን) ቆዳ ላይ ተለጥፎ መድኃኒቱን ለ24 ሰዓት የሚለቅ የፓርኪንሰን ፕላስተር ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ መዋጥ ለሚችል ሰው ግን ዋናውን የፓርኪንሰን ክኒን፣ ሊቮዶፓን፣ አይተካም። «ከሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» የሚባለው ምግብን እንጂ የፓርኪንሰን ክኒንን እንዳይመለከት አስቀድሞ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ክኒኑ በጥቂት ውኃ እስከ ቀዶ ጥገናው ድረስ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሊቮዶፓ ከደም ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታለፈ በሽተኛው ይገተራል፣ መዋጥና አክታ ማውጣት ይቸግረዋል። በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ኃይለኛ ትኩሳትና መቃዠት ያለበት፣ ሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊከተል ይችላል።

መዋጥ ካቃተው ቀጣዩ ምርጫ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ነው፤ በውኃ የሚሟሟው ማዶፓር (ሊቮዶፓ ያለበት ክኒን) ለዚህ ይመቻል። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ግን ፈጽሞ አይፈጭም፤ የብዙ ሰዓት መጠን በአንዴ ይለቀቃል። የኒውፕሮ ቦታ ከዚህ በኋላ ነው፦ አንጀት ተቆርጦ ሲሰፋ ወይም እንቅስቃሴው ሲቆም። ሊቮዶፓ የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ስለሆነ፣ እዚያ ካልደረሰ ቱቦውም አይረዳም።

ድክመቱ አቅሙና ፍጥነቱ ላይ ነው። 1 ሚሊግራም ሮቲጎቲን በግምት ከ30 ሚሊግራም ሊቮዶፓ ጋር ይነጻጸራል። ከፍተኛው የቀን መጠን 16 ሚሊግራም ስለሆነ፣ የሚሸፍነው 480 ያህል ብቻ ነው፤ በቀን 1000 ለሚወስድ ሰው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከተለጠፈ በኋላ መድኃኒቱ ደም ውስጥ መታየት የሚጀምረው ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ ነውና፣ ችግሩ ከጀመረ ወዲያ የሚለጠፍ አይደለም። ከዚህም በላይ ሮቲጎቲን የሌለ ነገር ያሳያል፣ ያቃዣል፣ የደም ግፊት ያወርዳል። የመርሳት ችግር ላለበት አዛውንት ሐኪሙ ዝቅ ካለ መጠን ቢጀምር ይሻላል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ንጹሕ፣ ደረቅና ቅባት ያልነካው ቆዳ ላይ ለ30 ሰከንድ በመዳፍ መጫን፣ ያንኑ ቦታ ለ14 ቀን አለመድገም። ሆድ ላይ ቢለጠፍ ከሚቀደደው ቦታ መራቅ አለበት፤ ጭን ወይም ክንድ ይቀላል። ጀርባው አሉሚኒየም ስላለበት፣ ለኤም አር አይ ወይም የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ለማስተካከል ሲታሰብ ይነሳል፤ አለዚያ ቆዳ ያቃጥላል። የሰልፋይት አለርጂ ላለበት አይሆንም። በትኩስ ውኃ ጎማ ወይም በማሞቂያ ብርድ ልብስ ሲሸፈን ከሚፈለገው በላይ ይለቃል፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ በሽተኛ እንዳይበርደው ማሞቅ የተለመደ ነውና ይህን ልብ ይበሉ። በ2008 በፕላስተሩ ውስጥ ክሪስታል በመፈጠሩ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቶ፣ በ2012 ቀመሩ ተሻሽሎ ተመልሷል።

ማቅለሽለሽ ያመጣል። ያኔ ነርሷ በልማድ የምታነሳው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራሚድ) ዶፓሚንን (በፓርኪንሰን የሚጎድለውን የአንጎል ኬሚካል) ስለሚያግድ የፕላስተሩን ሥራ ያፈርሳል፤ ኦንዳንሴትሮን ይሻላል። ለመቃዠትም ሃሎፔሪዶል አይሰጥ፤ እሱም ዶፓሚንን ያግዳል። በሽተኛው ራሳጂሊን ወይም ሴሌጂሊን የተባሉ ሌሎች የፓርኪንሰን መድኃኒቶችን የሚወስድ ከሆነ ለሕመም ፔቲዲንና ትራማዶል ክልክል ናቸው። ይህን በካርዱ ፊት ለፊት በጉልህ ማስጻፍ ነው።

አንጀቱ ሥራ ሲጀምር ሐኪሙ ወደ ቀድሞው ክኒንና ሰዓት ይመልሰዋል። ያን ዕለት ፕላስተሩ መነሳቱን ቆዳውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ባልታሰበበት ሲደራረቡ መቃዠቱ ይብሳል።