ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ፈጣን መኪና ለሚገዙ የካምቢዮ ንጽጽር

ፖርሽ 911 ጂቲ3 ለማዘዝ የተቀመጠ ሰው መወሰን ያለበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ማኑዋል ይሁን ወይስ ፒዲኬ? ፒዲኬ የፖርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ሞተሩ በሁለቱም ያው ነው። ባለ 4 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ያለ ተርቦ 510 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር። ማኑዋሉን የመረጠ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ አይጠየቅም። ስለዚህ ኪስ አይወስንልንም። ራሳችን መወሰን አለብን።

በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የምሰማቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው። የትኛው ይቀድማል? ይህ ጥያቄ ድሮ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂቲ3 ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ በፒዲኬ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል። በማኑዋል 3.9 ይፈጅበታል። ማኑዋሉ በ17 ኪሎ ይቀላል፤ 1,418 ነው፣ ፒዲኬው 1,435። የመጨረሻ ፍጥነቱም በጥቂቱ ይበልጣል፣ 320 በ318። ከመነሻው ላይ ግን ማሽኑን የሚቀድም እጅና እግር የለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እንደሚቀድም ማወቅ ለምርጫ ይጠቅማል። በማኑዋል መኪና ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን እንረግጣለን፣ ማርሹን እናስገባለን፣ ፍሪሲዮኑን እንለቃለን። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ጎማውን አይገፋም። መኪናው በነበረው ግስጋሴ ብቻ ነው የሚሄደው። ፒዲኬ ውስጥ ግን ሁለት ፍሪሲዮኖች አሉ። አንዱ የ1ኛ፣ የ3ኛ፣ የ5ኛና የ7ኛ ማርሽ ነው። ሌላው የ2ኛ፣ የ4ኛና የ6ኛ። በ2ኛ እየሄድን ሳለ 3ኛው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው እዚያው ላይ ይቀበላል። ጉልበቱ ሳይቋረጥ ጎማው ላይ ይደርሳል።

ሐሳቡ የመጣው ከእሽቅድምድም ነው። ፖርሽ በ1980ዎቹ 956 እና 962 በተባሉት የእሽቅድምድም መኪኖቹ ላይ ሞክሮታል። ገዢ የሚነዳው 911 ላይ የደረሰው በ2008 ነው። ፌራሪ በሌላ በኩል ነው የመጣው። በ1989 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ናይጄል ማንሴል የብራዚልን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈበት ፌራሪ 640፣ ማርሹ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ያለውን መሳቢያ በጣት በመሳብ ነበር። መኪናው ያን ቀን ገና የመጀመሪያ ውድድሩ ነበር። በ1997 ይኸው አሠራር ኤፍ355 ላይ ተገጥሞ ለገዢ ቀረበ። የፌራሪው ግን ድርብ ፍሪሲዮን አልነበረም። አንድ ፍሪሲዮን ያለው ማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ በእግራችን ፋንታ ኮምፒውተርና የዘይት ግፊት የሚረግጡለት። ይህ ልዩነት ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነው። እመለስበታለሁ።

በ2013 ፖርሽ አዲሱን ጂቲ3 በፒዲኬ ብቻ አመጣ። በሰዓት መያዣ ከሄድን ልክ ነበር። ብዙ ደንበኞች ግን አኮረፉ። በ2016 ኩባንያው 911 አር የሚባል፣ በማኑዋል ብቻ የሚሸጥ መኪና ሠራ፤ የተሠራውም በቁጥር 991 ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ዋጋው ከፋብሪካው ዋጋ በብዙ አለፈ። በ2017 ማኑዋል ወደ ጂቲ3 ተመለሰ። እነዚያ ደንበኞች ማኑዋሉ እንደሚዘገይ ጠፍቷቸው አይደለም። ከመኪናው የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩን ይዩ

የኔ አቋም ይህ ነው። ካምቢዮውን ከመምረጥዎ በፊት ሞተሩ ጉልበቱን የት እንደሚያወጣ ይዩ። ብዙ ገዢዎች ይህን ሳያዩ በስሜት ወይም በሰው ወሬ ይመርጣሉ።

የ2021ዱ ጂቲ3 ሞተር ቶሎ አይሰጥም። ከፍተኛ የማሽከርከር ኃይሉን፣ 470 ኒውተን ሜትር፣ የሚያገኘው በደቂቃ 6,100 ዙር ላይ ነው። ሙሉ ጉልበቱ 8,400 ላይ ይመጣል። ቀዩ መስመር፣ ማለት ሞተሩ ሊያልፈው የማይገባው ዙር፣ 9,000 ነው። ስለዚህ ነጂው ሥራ አለው። ማርሹን ይዞ መቆየት አለበት። ድምፁን መስማት አለበት። መቼ እንደሚቀይር ማወቅ አለበት። ትክክለኛው ሰዓት ላይ ሲቀይር መኪናው ወዲያው ይመልስለታል። ማኑዋል እንዲህ ላለ ሞተር የተፈጠረ ነው። ፒዲኬው ይህንኑ በፍጹም ጥራት ይሠራል፤ ግን የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን ቢኤምደብሊው ኤም3ን እንይ። ሞተሩ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ሁለት ተርቦ ነው። የማኑዋሉ ኤም3 ገና 2,650 ዙር ላይ 550 ኒውተን ሜትር በእጁ ነው። የሚጠበቅ ነገር የለም። በየትኛውም ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ይሄዳል። ማርሽ መቀየሩ እንደ ጂቲ3 ትርጉም የለውም።

በዚያ ላይ ኩባንያው ራሱ ማኑዋሉን አሳንሶታል። ይህን ትውልድ ሲያወጣ ለማኑዋሉ የሰጠው 480 የፈረስ ጉልበት ነው። ኮምፒቲሽን የተባለው አውቶማቲክ 510 እና 650 ኒውተን ሜትር አለው። አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ዓይነት የሚመጣውም በአውቶማቲክ ብቻ ነው። ከዜሮ እስከ 100 ማኑዋሉ 4.2 ሰከንድ፣ ኮምፒቲሽኑ 3.9፣ አራት ጎማ ነጂው 3.5። እዚህ ላይ ማኑዋልን የመረጠ ሰው የሚተወው የማርሽ መቀየሪያ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የሞተሩንም ጉልበት ይተዋል።

ደግሞ የኤም3 አውቶማቲክ ድርብ ፍሪሲዮን አይደለም። ባለ 8 ማርሽ የተለመደው አውቶማቲክ ነው፤ በፍሪሲዮን ፋንታ በዘይት አማካይነት ጉልበት የሚያስተላልፈው። ድሮ ይህ ዓይነቱ የሽማግሌ መኪና ካምቢዮ ይባል ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ቢኤምደብሊው ኤም5ን በ2017 ሲያድስ ድርብ ፍሪሲዮኑን ትቶ ወደዚህ የዞረው በምክንያት ነው። ትልቅ ጉልበት ይችላል። በዝግታ ሲሄዱበትም አይንቀጠቀጥም። «አውቶማቲክ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው አይወስኑ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ።

እንግዲህ ጂቲ3 ከሆነ ማኑዋል፣ ኤም3 ከሆነ አውቶማቲክ እላለሁ። ልጆቹን ከኋላ ጭኖም ማርሽ መቀየር የሚፈልግ ሰው ካለ ግን ማኑዋሉን ኤም3 አትግዛ አልለውም። አራት በር ያለው ማኑዋል ፈጣን መኪና እየጠፋ ነው።

የሚነዱት የት ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ ወይም ዱባይ ሼክ ዛይድ መንገድ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ተሰልፎ የሚውል መኪና ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግራ እግር ይደክማል። ፍሪሲዮኑም ያልቃል። በየቀኑ በዚያ የሚመላለስ ሰው ማኑዋል ገዝቶ በስድስት ወሩ ቢሰለቸው አልፈርድበትም።

ቅዳሜና እሁድ ለምትወጣ መኪና ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል የተራራ መንገድ አለ። ርዝመቱ 105 ማይል ነው። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል በሰዓት ነው፤ ወደ 56 ኪሎ ሜትር። በዚያ ፍጥነት የፒዲኬው ግማሽ ሰከንድ ምን ይሠራል? ምንም። ማኑዋል ላይ ግን በ56 ኪሎ ሜትርም ቢሆን እጅና እግር ሥራ አላቸው። ከኩርባ በፊት ማርሽ ሲያወርዱ በቀኝ እግር ጣት ፍሬን ይዞ በተረከዝ ነዳጅ ነካ አድርጎ ዙሩን ማስተካከል ደስ የሚል ጥበብ ነው። አዲሱ ጂቲ3 ይህን ራሱ ይሠራልዎታል። ካልፈለጉ ያጠፉታል።

አንድ ጉድለት ግን ልንገርዎት፤ ሻጭ አይነግርዎትም። የጂቲ3 ማርሾች ረጃጅም ናቸው። 2ኛው ብቻውን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በሕግ በተፈቀደ ፍጥነት 9,000 ዙርን ደጋግሞ መስማት አይቻልም። ፖርሽ ራሱ በ2023 ባወጣው 911 ኤስ/ቲ ማርሾቹን አሳጥሯቸዋል። እሱ ግን 1,963 ብቻ ነው የተሠራው። ስለዚህ ደስታዎ ማርሽ መቀየሩ ራሱ ከሆነ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ቶዮታ ጂአር86 ወይም ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በማኑዋል ይግዙ። ጉልበታቸው ትንሽ ነው። ግን ሙሉውን ይጠቀሙበታል።

አገር ቤት መንዳት የተማረ ሰው አብዛኛው ዳገት ላይ ፍሪሲዮንና ነዳጅ አመጣጥኖ መነሳትን ያውቃል። ያን ችሎታ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የለውም። ያለዎትን አይናቁት። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ይህ ምርጫ በአብዛኛው ውጭ ላሉ ወገኖቻችን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ሃዩንዳይ ግን አዮኒክ 5 ኤን በተባለው መኪናው ላይ ባለ 8 ማርሽ የሚመስል ስሜትና ድምፅ በኮምፒውተር ፈጥሯል። የሚቀየር ማርሽ የሌለው መኪና ላይ ማርሽ መፈለጋቸው ለኔ ብዙ ይናገራል።

ትራክ ላይ

ሰዓት ለማሻሻል ትራክ፣ ማለት የእሽቅድምድም ሜዳ፣ የሚሄድ ሰው ፒዲኬ ይግዛ። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ሁለት እጅ መሪ ላይ ይቆያል፣ ሐሳብ ፍሬን የሚያዝበት ቦታና መስመር ላይ ይሆናል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። በጂቲ3 ላይ ሌላም ልዩነት አለ። ከፒዲኬ ጋር የሚመጣው የኋላ ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት ነው። ከማኑዋል ጋር የሚመጣው ሜካኒካል ነው።

ማኑዋል ትራክ ላይ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። በ2025 የእሽቅድምድም ነጂው ዮርግ በርግማይስተር ማኑዋል ጂቲ3 ነድቶ ጀርመን ያለውን የኑርበርግሪንግ ትራክ 20.832 ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ56.294 ሰከንድ ጨርሷል። የቀድሞው ጂቲ3 በፒዲኬ 6 ደቂቃ ከ59.927 ነበር። አዲሱ መኪና ስለተሻሻለ ካምቢዮው ብቻ አይደለም ያሸነፈው። ቢሆንም ማኑዋል የያዘ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

ያገለገለ ከሆነ

ማኑዋልን የሚገድለው አንድ ስህተት አለ። ነጂው በፍጥነት ላይ ከ5ኛ ወደ 4ኛ ሊያወርድ ብሎ እጁ ወደ ግራ አልፎ 2ኛ ላይ ይገባል። ጎማው ሞተሩን ከቀዩ መስመር በላይ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ቢያቋርጥም አያድነውም። ፒዲኬ ግን ሞተሩን የሚጎዳ ማርሽ ቢታዘዝም እምቢ ይላል። የፖርሽ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ጥፋት ይመዘግባል። ከ1 እስከ 6 በሆኑ ደረጃዎች ከነሰዓቱ ይወጣል። ያገለገለ ማኑዋል ጂቲ3 ሊገዙ ከሆነ ይህን ዝርዝር ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ከ4 ጀምሮ ባሉት ደረጃዎች ላይ ቁጥር ካዩ ባለሙያ ሳያማክሩ አይቀጥሉ።

በአውቶማቲኩ በኩል መጠንቀቅ ያለብዎት ከእነዚያ የቀድሞ ባለ አንድ ፍሪሲዮን ካምቢዮዎች ነው። የፌራሪ ኤፍ1 የሚባለው ካምቢዮ እና በቀድሞዎቹ ኤም3ዎች ላይ የነበረው ኤስኤምጂ የዚህ ወገን ናቸው። በዝግታ ሲሄዱ ይነቀንቃሉ። ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ሲበላሽ መኪናው ይቆማል። ብዙ የኤም3 ባለቤቶች ኤስኤምጂውን አስወጥተው ማኑዋል አስገጥመዋል። ፌራሪ ከሆነ የፍሪሲዮኑን መበላት በኮምፒውተር አስነብበው ይግዙ። ዋጋውም ይህን ያውቃል። ፌራሪ ኤፍ430 በማኑዋል ዛሬ ኤፍ1 ካምቢዮ ካለው በብዙ ዋጋ ይበልጣል።

የመጨረሻው ነገር መንጃ ፈቃድ ነው። እንግሊዝና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማኑዋል መንዳት አይፈቀድለትም። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ካርድዎን አውጥተው ይዩት።