የፕሪሙ የሎተሪ መደብር በላስ ቬጋስ አዲስ ነዋሪ ዓይን

በቅርቡ ላስ ቬጋስ ገብቶ ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሰው ቁማር ከታላላቆቹ ሆቴሎች ውጭም በየደረሰበት እንደሚጠብቀው ለማስተዋል ጊዜ አይፈጅበትም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ቤንዚን ማደያው ውስጥ፣ ወተትና እንቁላል ሊገዛ በገባበት ሱፐርማርኬት በር አጠገብ የቁማር ማሽኖች ተደርድረዋል፤ የኔቫዳ ሕግ እንደ ማደያና ሱፐርማርኬት ላሉት የንግድ ቤቶች እስከ 15 ማሽን የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣልና። ይኸው ሰው አንድ የሎተሪ ትኬት ልግዛ ቢል ግን በከተማው ውስጥ የሚሸጥለት አያገኝም። በጣም ቅርብ የሆነው አማራጭ በአይ-15 አውራ ጎዳና 40 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ነድቶ፣ ፕሪም የምትባለውን የድንበር መንደር አልፎ፣ የካሊፎርኒያን መሬት እንደረገጠ ወደሚያገኘው የሎተሪ መደብር መግባት ነው። እዚህ የምገመግመው ይህንን መደብር ነው። ለምን እዚያ ድንበር ላይ እንደቆመ ሳይነገር አገልግሎቱን መመዘን ስለማይቻል የግዛቱ የቁማር ፖለቲካም አብሮ መነሳቱ አይቀርም።

ስለ መደብሩ ራሱ ብዙ የሚባል የለም። ሥራው ትኬት መሸጥ ነው፤ ያንንም በቅልጥፍና ይሠራል። ፓወርቦል፣ ሜጋ ሚሊየንስ፣ የካሊፎርኒያው ሱፐርሎቶ ፕላስና እየተፋቁ የሚታዩት ፈጣን ሎተሪዎች ይገኙበታል። ደንበኛው በአብዛኛው ከኔቫዳ የመጣ ነው፤ ሰው እምብዛም በማይኖርበት በረሃ ላይ የቆመው ይህ መደብር በካሊፎርኒያ ብዙ ትኬት ከሚሸጡት ተርታ የተሰለፈውም በእነዚሁ ጎረቤቶች ምክንያት ነው። በተራ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሄደ ሰው ብዙም ሳይቆም ገዝቶ ይወጣል። ጃክፖቱ፣ ማለትም ትልቁ ሽልማት፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ ግን ሰልፉ ከሕንጻው ወጥቶ ለሰዓታት ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ሰሞን መሄድ የፈለገ ሰው ውኃና ጥላ ቢይዝ ይመረጣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቬጋስ የሰነበተው የሎስ አንጀለስ ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ድንበሩ አካባቢ መንገዱ ይጨናነቃል።

ገዢው ለሚከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። የፓወርቦል ትኬት 2 ዶላር ሲሆን ጃክፖቱን የማግኘት ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው። ሜጋ ሚሊየንስ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከ2 ወደ 5 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ከጃክፖቱ በታች ያሉትን ሽልማቶች የሚያባዛ ቁጥር በዋጋው ውስጥ ተካቶለታል፤ የጃክፖቱ ዕድል ግን ከ302 ሚሊዮን አንድ ወደ 290 ሚሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ስለተሻሻለ ጭማሪው በእኔ ግምት ውድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ከጃክፖቱ በታች ያሉት የፓወርቦል ሽልማቶች እንደ ሌሎች ግዛቶች ቋሚ መጠን የላቸውም፤ እንደ ሽያጩና እንደ አሸናፊዎቹ ብዛት ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኘው ውጤት እዚህ ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ካሊፎርኒያ ከራሷ ሎተሪ ሽልማት ላይ የግዛት ግብር አትወስድም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነው አሸናፊነት 24 በመቶውን ቀድሞ ይይዛል። እስከ 599 ዶላር ያለውን ሽልማት ሻጩ መደብር ሊከፍል ሲችል፣ ከዚያ የበለጠውን ለማግኘት ቅጽ ሞልቶ በፖስታ መላክ ወይም ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለ የሎተሪው ቢሮ መሄድ ግድ ነው፤ ለላስ ቬጋስ ነዋሪ የአገልግሎቱ ዋና ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ፣ ኔቫዳ ግዛት ሆና በተመሠረተችበት በ1864 የወጣው ሕገ መንግሥት ሎተሪን ከልክሏል። ግዛቲቱ በ1931 ካሲኖዎችን በሰፊው ሕጋዊ ስታደርግም ይህ ክልከላ አልተነካም፤ በ1990 የተደረገው ማሻሻያም የፈቀደው ለበጎ አድራጎት የሚዘጋጁትን ብቻ ነው። በዚህም ኔቫዳ ከአላባማ፣ ከአላስካ፣ ከሃዋይና ከዩታ ጋር የግዛት ሎተሪ የሌላቸው አምስት ግዛቶች ጎራ ውስጥ ትገኛለች። (ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው በዲቪ ሎተሪ ሆኖ ሳለ የሰፈርንበት ግዛት ሎተሪን የሚከለክል መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።) በ2023 የምክር ቤት አባሉ ሲ ኤች ሚለር ክልከላው እንዲነሳና ገቢው ለወጣቶች የአእምሮ ጤና እንዲውል የሚጠይቅ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። 60,000 ያህል የሆቴልና የካሲኖ ሠራተኞችን የሚወክለውና ከእኛም ወገን ብዙዎች የታቀፉበት የኩሊነሪ ሠራተኞች ማኅበር ሐሳቡን ሲደግፍ፣ የካሲኖ ባለቤቶች ማኅበርና በተለይ የአካባቢውን ነዋሪ ደንበኛ ያደረጉት ቦይድና ስቴሽን የተባሉት ኩባንያዎች ተቃወሙት። ሐሳቡ በዚያ ዓመት በሁለቱም ምክር ቤቶች ቢያልፍም ሕገ መንግሥትን ለማሻሻል በተከታታይ ሁለት የምክር ቤት ዘመናት መጽደቅ ስላለበት በ2025 እንደገና መቅረብ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ግን ሳይጸድቅ ቀነ ገደቡ አለፈና ከሸፈ።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ካሲኖ ሆቴል ይገነባል፣ ምግብ አብሳይና አልጋ አንጣፊ ይቀጥራል፣ ከፍተኛው መጣኔ 6.75 በመቶ የሆነ የቁማር ግብር ይከፍላል፤ ግዛቱ ከደመወዛችን የገቢ ግብር የማይወስደውም በከፊል በዚሁ ገቢ ምክንያት ነው። ሎተሪ ግን ከአንድ ማተሚያ ማሽንና ከአንድ ሻጭ በላይ ብዙ አይፈልግም። ይሁን እንጂ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ማሽን እንዲቆም የፈቀደ ግዛት እዚያው ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ የ2 ዶላር ትኬት እንዳይሸጥ መከልከሉ ነዋሪውን ከቁማር ከመጠበቅ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ጥያቄው የነዋሪው ትርፍ ዶላር ማን ኪስ ይግባ የሚል ነው። ክልከላውም ዶላሩን ኔቫዳ ውስጥ አላስቀረውም። ካሊፎርኒያ በ1984 በሕዝብ ድምፅ ሎተሪዋን ያቋቋመችው ለሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ድጎማ እንዲሆን ስለሆነ፣ ከላስ ቬጋስ ተነስተን የምንገዛው እያንዳንዱ ትኬት የልጆቻችንን ሳይሆን የጎረቤት ልጆችን ትምህርት ቤት ይደግፋል።

ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰው ወደ ፕሪም የሚልኩ ብዙዎች ናቸው፤ ለተናጠል ገዢ የነዳጁ ወጪ ከትኬቱ ስለሚበልጥ ይህ አሠራር አስተዋይነት ያለበት ነው። ከመሄዱ በፊት የአዋጪዎቹ ስምና መጠን በጽሑፍ ይስፈር፣ ከተገዛ በኋላ የትኬቶቹ ፎቶ ለሁሉም ይላክ፤ ጓደኝነት የሚፈተነው ሲያሸንፉ ነውና። በላስ ቬጋስ ካሲኖ ለመጫወት 21 ዓመት መሙላት ሲያስፈልግ በመደብሩ ትኬት ለመግዛት 18 ዓመት ስለሚበቃ፣ ወጣት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህንን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው።

ለመደብሩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለርቀቱና ለሽልማት አቀባበሉ ነው። ወደ ሎስ አንጀለስ የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ብሎ አንድ ትኬት ቢገዛ አይጎዳም፤ ለእርሱ ብሎ ከቤት መነሳት ግን ለሳምንታዊ ልማድ የሚበቃ አይደለም። የግዛቱ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ፣ በዋና ከተማዋ ካርሰን ሲቲ ለ120 ቀን ብቻ ነው። በ2027 አዲስ ሐሳብ ቢቀርብና ቢያልፍ እንኳ በ2029 ዳግመኛ መጽደቅ፣ ከዚያም በ2030 ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ ስላለበት፣ በምክር ቤቱ መንገድ ከዚያ በፊት በከተማችን ሎተሪ አይሸጥም።