ያገለገለ ቮልቮ ኤስ60፣ የ2012 ሞዴል፦ ከሹፌሯ ወንበር የተጻፈ ግምገማ

ከሦስት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ አንድ ፒክአፕ ከኋላ ገጨን። ባለቤቴ መሪ ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ሁለታችንም ቀበቶ አስረን ነበር፤ ሆኖም እርሱ በማግስቱ ሥራ ሲገባ እኔ አንገቴን ማዞር ተስኖኝ አራት ወር ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። ያከመችኝ ባለሙያ ከኋላ በሚደርስ ግጭት አንገታቸው ይበልጥ የሚጎዳው ሴቶች መሆናቸውን ስትነግረኝ፣ ቀጣዩን መኪና ስገዛ ከሞተሩ አስቀድሜ ወንበሩን ለመመርመር ወሰንኩ። ይህን ቮልቮ የመረጥኩት በዚያ ሚዛን ስለሆነ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ሙዚቃ ማጫወቻው የሚጠይቅ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም።

የወንበሩ አሠራር ዊፕስ ይባላል፤ ቮልቮ የጀመረው በ1998 በኤስ80 ሞዴሉ ላይ ነው። ተራ ወንበር መኪናው ከኋላ ሲገጭ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ከባድ ሰው ሲጫነው ትንሽ ይለመጥለታል፣ ቀለል ያለችውን ሴት ግን ቶሎ ወደ ፊት ይወረውራታል፤ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሲቀር አንገቷ መሃል ላይ ይቀጫል። ዊፕስ ያለው ወንበር መደገፊያው ከሰውነት ጋር መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቀጥሎ ጋደል ይላል፤ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ብረትም ተጣጥፎ የግጭቱን ጉልበት ይውጣል። ኩባንያው በዚህ ወንበር የተነሳ በአንገት ጉዳት ረገድ በሴትና በወንድ መካከል ልዩነት አላይም ይላል፤ የሻጭ ቃል ስለሆነ በልኩ እወስደዋለሁ፣ አሠራሩ ግን አሳማኝ ነው። ለመሸሽ ቦታ ስለሚያስፈልገውም መመሪያው ከፊት ወንበር ጀርባ ዕቃ መወተፍን ይከለክላል፤ እኔም ከሐበሻ ሱቅ የምገዛውን የጤፍ ዱቄት እዚያ መወሸቅ ትቻለሁ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ወንበሩን ስስብ ደረቴ ወደ ኤርባጉ ይጠጋል፤ የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከደረት አጥንት እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ይመክራል። በቀድሞው መኪናችን በሜትር ስለካው 19 ነበር። በዚህኛው መሪው ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ ወንበሩም ከፍ ስለሚል፣ መንገዱን ሳልጋረድ እያየሁ 27 አግኝቻለሁ።

ቅሬታዬ መኪናው በተፈተነበት መንገድ ላይ ነው። የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2012 የፊት ጥጉ ብቻ የሚጋጭበትን አዲስ ፈተና ሲጀምር፣ ከ11 ቅንጡ መኪኖች መካከል «ጥሩ» የሚለውን ውጤት ያገኙት ይኸው ኤስ60 እና አኩራ ቲኤል ብቻ ነበሩ። ነገር ግን በፈተናው ሰውን ተክቶ በሹፌሩ ወንበር የተቀመጠው አሻንጉሊት 1 ሜትር ከ75 ቁመትና 78 ኪሎ ክብደት ባለው ወንድ ልክ የተሠራ ነበር። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ፊት ለፊት በሚደርስ ግጭት ቀበቶ ያሰረች ሴት ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድሏ በተመሳሳይ ሁኔታ ካለ ወንድ በ73 በመቶ ይበልጣል። ያው የኢንሹራንስ ተቋም በ2021 ልዩነቱ በከፊል ሴቶች ትንንሽና ቀላል መኪኖች ከመንዳታቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ከዚህ አንጻር ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝን መኪና መምረጤ ትርፍ ነው፤ የእግር ጉዳት ልዩነት ግን በዚያም ጥናት አልጠፋም። ስለዚህ ይህን መኪና ለአንገቴ የማምነውን ያህል ለቁርጭምጭሚቴ አላምነውም። አቅሙ ያለው ሰው ከ2015 ወዲህ የተሠራ ቢፈልግ ይሻላል፤ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሞት አደጋው ልዩነት በጣም ጠቧልና።

የምትገዙ ከሆነ መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ያውቅ እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ብረት አንዴ ከታጠፈ ካልተቀየረ በቀር ሁለተኛ አያገለግልም፤ ወንበሩ ግን ከውጭ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። እኔ የፈረምኩት የመኪናውን የአደጋ ታሪክ አስወጥቼ፣ መካኒክም ሁለቱንም የፊት ወንበሮች ከሥራቸው ፈትሾ ደህና ናቸው ካለኝ በኋላ ነው።