ለፒክ አፓችሁ ትልቅ ጎማና ቸርኬ ልትገዙ ነው? «ሙሉ ሴት» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ይህ ጽሁፍ ሃይሉክስ፣ ዲ ማክስ፣ ሬንጀር ወይም ሌላ ፒክ አፕ ይዛችሁ «ትንሽ ከፍ ትበል፣ ግርማ ሞገስ ይኑራት» ለምትሉ ነው። ፍላጎቱ ላይ ጠብ የለኝም። ትልቅ ጎማ ያሰረች ደብል ጋቢና ስታልፍ እኔም አንገቴን አዙሬ ነው የማያት። ጠቤ ከሽያጩ ጋር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ትልልቅ ጎማ ጥቁር ቸርኬ ላይ ታስሮ ይቀርባል። «ሙሉ ሴት» ይሉታል፣ «ሴት» ያሉት የእንግሊዝኛውን set ነው፣ ሙሉ ስብስብ ለማለት። የመኪናችሁን ኦሪጅናል ጎማና ቸርኬ እነሱ ይረከባሉ፣ እናንተ ልዩነቱን ትጨምራላችሁ፣ እዚያው ይታሰርላችኋል፣ በግማሽ ቀን ሌላ መኪና የምትመስል መኪና ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሲሰሙት አሪፍ ነው። ዋጋው ግን ከአዲስ ጎማ ለምን በዚያ ሁሉ እንዳነሰ የሚነግራችሁ የለም። ብሩን እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይቆይም።

የእህቴ ባል ለሃይሉክሱ እንዲህ ዓይነት ሴት ሊገዛ በስልክ ተስማምቶ «ና አብረን እንየው» አለኝና ሄድን። የሱቁን ስም አልጠራም። ዘዴው የአንድ ሱቅ ብቻ ስላልሆነ ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም። ጎማው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ጥርሱ ጥልቅ ነው። ሻጩ «አለቃ፣ ይሄኮ ገና መሬት አልነካም» አለን። መሬት አለመንካቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ጎማ ግን መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል።

መቼ እንደተመረተ ስጠይቀው ጎንበስ አለና ጎማው ጎን ላይ ባለች ትንሽ ሞላላ ክፈፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። 3416 ይላል። «ይኸው፣ 16። የ2016 ምርት ነው» አለ። የእህቴ ባል ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጎማ ላይ ያለው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከአራቱ አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። 3416 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 34ኛ ሳምንት ነው። በኛ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው! ማንም የውጭ ፋብሪካ ለኛ ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አያትምም። ሻጩ ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንዳልል ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። ደግሞ ዋሸኸኝ ብላችሁ እንኳ አትይዙትም። «2016» ነው ያለው፣ የማን 2016 እንደሆነ አልተናገረም። ስለዚህ መጨረሻው 16፣ 17 ወይም 18 የሆነ ጎማ «የቅርብ ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ በእጥፍ ተጠንቀቁ፤ ከ7 እስከ 8 ዓመት እድሜ በአንድ አረፍተ ነገር እየተሰረቀላችሁ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ይህ ሙሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታተመው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው። ጎማው ቸርኬ ላይ ሲታሰር ቁጥሩ ያለበት ጎን ወደ ውስጥ ከዞረ፣ መኪናው ላይ ካለ በኋላ ሥር ገብታችሁ ካልተኛችሁ በቀር አታዩትም። እኛ ካየናቸው አራት ጎማዎች ሁለቱ እንደዚያ ነበሩ። ገልብጥልን ስንለው «ያው አንድ ነው፣ አንድ ላይ ነው የመጣው» አለ። ስንጨቀጭቀው ገለበጠው። አንደኛው 0915 ይላል፣ የካቲት 2007 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። አንድ ላይ ነው የመጣው የተባለው ሴት አራት ጎማ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ነበር።

አሮጌ ጎማ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ በሙቀትና በጭነት ጊዜ ይፈነዳል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ገና ቢሆንም ይቀየር ይላሉ። ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ደግሞ ቅባት ነው። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና በጥርሶቹ መሃል፣ ሥሩ ጋ፣ እንዲሁም ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ፈልጉ። ጥርሱ በቢላ የተቀረጸም አለ። የተቀረጸ ጎማ የቦዩ ጠርዝ ጥርት ያለ አይደለም፣ መሃል ላይ ያሉት የማለቂያ ምልክቶች ላይም የመቆረጥ ዱካ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ቸርኬው። «ስድስት ቡሎን ነው፣ ይገባል» ሲሏችሁ አትመኑ። ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ዲ ማክስና ኤል 200 ስድስት ቡሎናቸው የተደረደረበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እውነትም ይመሳሰላሉ። (የቅርቦቹ ናቫራዎች 114.3 ናቸው፣ እነሱ ጭራሽ አይገናኙም።) ልዩነቱ የመሃል ቀዳዳው ላይ ነው። የሃይሉክስ 106.1፣ የሬንጀር 93.1፣ የኤል 200 ደግሞ 67.1 ሚሊ ሜትር ነው። የኤል 200 ቸርኬ ሃይሉክስ ላይ በተፈጥሮው አይገባም። መፍትሄያቸውን ልንገራችሁ? «ቶርኖ ቤት ልከን እናሰፋዋለን።» ለዚያ ስፋት ያልተሰራ የአሉሚኒየም ቸርኬ መሃሉ ተፍቆ፣ በላዩ ቤተሰብ ጭናችሁ ሞጆ መንገድ ላይ 100 ልትነዱበት ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ጠባብ እምብርት (መኪናው ላይ ቸርኬው መሃሉ የሚገባበት ክብ ብረት) ላይ ሲታሰር ዝም ብሎ ይገባል፣ ግን መሃሉን የሚይዘው ነገር የለም። ልኩን የጠበቀ ቀለበት ካልተደረገለት ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ እናንተም የባላንስ ችግር መስሏችሁ ከጎሚስታ ጎሚስታ ትንከራተታላችሁ። ዳዶውንም እዩ። የብረት ቸርኬ ዳዶ ሁሉ የአሉሚኒየሙ መቀመጫ ላይ በትክክል አይቀመጥም።

ስለ መጠኑ እናውራ፣ ምክንያቱም ሻጩ የማይነካው ነገር እሱ ነው። የእህቴ ባል መኪና 265/65 አር 17 ነው ያሰረው (የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች)። ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል። የቀረበለት 285/70 አር 17፣ ወደ 831 ነው። በ7 በመቶ ይበልጣል። መኪናዋ ግን ከመሬት ከፍ የምትለው በግማሹ ነው፣ ከ3 ሳንቲም ባነሰ! ለዚያች ከፍታ የሚከፈለው ብዙ ነው። ዳሽቦርዱ 100 ሲላችሁ የምትሄዱት 107 ሊደርስ ይችላል። ኪሎ ሜትሩም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዘይት በ5,000 እቀይራለሁ ብላችሁ በ5,350 ትቀይራላችሁ። ማርሹ በሙሉ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ በተለይ ቱርቦ የሌላቸው የድሮ ናፍታ ሞተሮች እንዲሁም ዳገት ላይ ይተነፍሳሉ፤ በዚያ ላይ ከባድ ጎማ ጨምራችሁ እንጦጦን ስትወጡ ፍሪሲዮናችሁ ሲሸት እንዳትደነግጡ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ድልድይ እስክትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ የሞተሩ የመያዝ ኃይል በዚያው 7 በመቶ ቀንሷል። ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ፍሬን ነው፣ የሚያቆመው ጎማ ግን ተልቋል፣ ከብዷል። ሸራው ቶሎ ይግላል። ኋላ 10 ኩንታል ተጭኖ ይህን አስቡት።

ስለ ጭነት ካነሳን፣ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈውን ቁጥር እዩ። 112 ኤስ ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። ለማማር ተብሎ የሚቀርበው ሰፊና ስስ የ20 ቁጥር ጎማ 104 የሚል ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ እሱ 900 ኪሎ ነው። በአንድ ጎማ 220 ኪሎ ቀነሰባችሁ። በኋላው ሁለት ጎማ ብቻ ከ4 ኩንታል በላይ ሄደ። መኪናዋ የምትሰራ ከሆነች፣ እህል ወይም ሲሚንቶ የምትጭን ከሆነች፣ ከፋብሪካው ቁጥር በታች የሆነ ጎማ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ትልቁ ጎማ ምንም አይነካም። ሙከራ ውሰዱት የሚሏችሁም ቀጥ ባለው መንገድ ነው። እናንተ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሂዱ፣ ከዚያ ሰው ጭናችሁ አስቸጋሪ መንገድ ላይ ድገሙት። ፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ወይም የጭቃ መከላከያውን ሲፈጭ ትሰማላችሁ። ያኔ «ፕላስቲኩን ትንሽ እንቆርጠዋለን» ይመጣል። ቀጥሎ «ስፔሰር እናስገባለት» ይመጣል። ስፔሰር (በቸርኬውና በእምብርቱ መሃል የሚገባ ወፍራም ብረት) ጎማውን ወደ ውጭ ባስወጣው መጠን ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ቀጥሎ «ባሌስትራና ሾኩን ከፍ እናድርገው» ይመጣል። ርካሽ የተባለው ሴት እንዲህ እያለ ነው ኪስ የሚያራግፈው።

እስኮርታውን፣ ማለትም ትርፍ ጎማውን፣ የሚያነሳውም የለም። አራት ነው የሚሸጡላችሁ። አምስተኛው የድሮው ትንሹ ጎማ ነው። በረሃ ላይ አንዱ ተንፍሶ ያን ስታስሩ፣ አንድ ጎን ላይ 831 ሌላው ላይ 776 ይሆናል፣ የግራና የቀኝ ጎማን የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችለው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ሲሰራ ይውላል። በዚያ ሁኔታ ፎር ዊል አስገብታችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ከነዳችሁማ የሚሰበረውን የባሰ አታምጣ ነው። ትልቁን እስኮርታ ገዝታችሁም ከሥር ያለው ቦታ ላይገባ ይችላል፣ ለክታችሁ እወቁ።

የሚያናድደኝ ግን ልዋጩ ነው። የናንተን ጎማ «ያለቀ ነው»፣ ቸርኬውን «የተጫረ ነው» ብለው እንደ ቁራሌው ዋጋ ይቆርጡለታል። የፋብሪካ ቸርኬ እኮ ነው! ለመኪናችሁ ልክ የተሰራው እሱ ብቻ ነው። አንዴ ካስረከባችሁ በማግስቱ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ እናንተ አዲሱ ሴት አልስማማ ሲላችሁ የምትመለሱበት ነገር የላችሁም። «አንዴ ከታሰረ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እሱን ብቻ ደህና አድርገው ጽፈውታል። ቢያንስ ሁለት ወር እስክትሞክሩት ድረስ ኦሪጅናሉን ቤታችሁ አስቀምጡ። ልዋጭ ካልሆነ አልሸጥም ካለ ውጡ።

በፍጹም አትቀይሩ አላልኩም። ሃይሉክስ 265/65 አር 17 ያላችሁ ወደ 265/70 አር 17 ብትሄዱ ልዩነቱ 3.4 በመቶ ግድም ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይገባል፣ ቸርኬም አያስቀይርም። ጭቃ ከሆነ ጭንቀታችሁ ደግሞ በዚያው በፋብሪካው መጠን ጥርሱ ከረር ያለ ጎማ ግዙ። ወለጋም ሆነ ጎጃም ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የሚያወጣችሁ ከስፋቱ ይልቅ ጥርሱ ነው። የእህቴ ባልም መጨረሻ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። መኪናዋ እንዳሰባት አላማረችም፣ እሱን እሱም አይክድም።

ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የአራቱንም ጎማ መጠን፣ የጭነት ቁጥርና አራቱን አሃዝ በእ.ኤ.አ. አጽፉ። እምቢ ካለ ምክንያቱን ገምቱት። ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ውሉ ስለ መኪና ለውጥ ምን እንደሚል ከማሳሰራችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ፣ ከአደጋ በኋላ ቢጠየቅ ትርጉም የለውም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሥር ገብታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ አራቱንም። ዳዶውን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁት፣ አዲስ የታሰረ ቸርኬ ይላላል። በስልካችሁ ጂፒኤስ ፍጥነታችሁን ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያዩ። ቸርኬው ከውስጥ በኩል የብየዳ ጠባሳ ላይ ቀለም የተቀባ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ ረጅም መንገድ አትውጡበት፣ አውልቃችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።